የአውራ ጣት መስመር ቀይ ገመድ

ሰኞ፣ ኅዳር 20። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሰርቪሱ ዛሬም ዘገየ። ዓለም ገና ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሹፌሩ ወደፊት ግርግር አለ ተብያለሁ እያለ ስልክ ያወራል። ስንደርስ የጠዋቱ ጂምናስቲክ አልቋል። ወገቤን ሳላፍታታ ማሽን ላይ ቁጭ አልኩ። ሃሩካ በዓይኗ ገሠጸችኝ።

አዲስ ነሽና ደብተሬ፣ ላስተዋውቅሽ፤ የድሮዋ ሞልታ ሣጥን ገብታለች። ሃሩካ ከጃፓን የመጣች አሠልጣኛችን ናት። ስፌቱንም ሥርዓቱንም ያስተማረችን እሷ ናት። ከአሁን ወዲያ ሃ. እላታለሁ፤ እጄ ደክሟል። የምንሰፋው ጓንት ነው። የሠራተኛ ጓንት፣ ለጃፓን ግንበኞች። እኔ የአውራ ጣት መስመር መሪ ነኝ። አራቱ ጣት ቀጥ ብሎ ይሰፋል፤ አውራ ጣት ግን ይዞራል፣ ይሸበሸባል፣ ከመዳፉ ጋር ሲገጠም ያስለቅሳል። ስለዚህ ለሴቶች ሰጡን። "ከባድ ሥራ" ተብሎ የተመዘገበው ግን ካርቶን ማንሳት ነው። እሱን የሚሠሩት ወንዶች ናቸው። ደመወዙም እንደ ስሙ ከበድ ይላል።

ዛሬ ግን ደስ የሚል ዜና መጣ። ኬንታ ሠራተኛውን አሰልፎ ተናገረ። ኬንታ የሃ. አገር ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ሥራ አስኪያጃችን። እሱ በጃፓንኛ፣ ሃ. በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ደግሜ በኦሮምኛ። ሁሌም እንዲህ ነው የምንቀባበለው። የቤተሰብ ኃላፊ አበል ተፈቅዷል፤ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር በየወሩ ይጨመርለታል። በገዛ አፌ አበሰርኩ። ከጎኔ የምትሰፋው አስቴር እልልታዋን አቀለጠችው። እማዬ የምትፈልገውን ብርድ ልብስ በልቤ ገዛሁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 22። ማታ

ደሜ ፈልቷል። ቀስ ብዬ ልጻፍ።

በምሳ ሰዓት ከአስቴር ጋር ኦቦ ግርማ ቢሮ ገባን። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ነው (ኦ.ግ. ይበቃዋል)። አስቴር ከወላይታ የመጣች ናት፤ እዚሁ ሰበታ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሁለት ልጅ አላት። ባሏ ሱሉልታ ሕንፃ ሲሠራ ከመወጣጫው ወድቆ ወገቡን ተመታ፤ ይኸው አልጋ ላይ ነው። እኔ ደግሞ እማዬንና ታናሽ ወንድሜን ለሜሳን አስተዳድራለሁ። ለሜሳ ኮሌጅ ጨርሷል፤ ሥራ የለም። እና እኛ ኃላፊ ካልሆንን ማን ሊሆን ነው?

ኦ.ግ. መመሪያውን አነበበልን። ኃላፊ ማለት ባል ነው። ባል ከሌለ አባት። አባትም ከሌለ ከቀበሌ ማስረጃ ይምጣ። አስቴር፣ ባሌ እኮ ተኝቷል አለችው። ታዲያ አልሞተም፣ አላት። ይህን ሲል የሚያየው ጥፍሩን ነው። አስቴር ስትናደድ ትጸልያለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ስንወጣ ዳንኤልን አገኘን። የማሸጊያው መስመር መሪ፣ አምና መርፌ ላይ ክር እንዴት እንደሚገባ ያሳየሁት ልጅ። ለሱ ተፈቅዶለታል። ብቻውን ነው የሚኖረው! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ እናቱ እንኳ አምቦ ራሷን ችላ ትኖራለች። ማስረጃም አላመጣም። መቼም ማግባቱ አይቀርም ብለው ነው፣ አለኝ። አፍሮ ነው የነገረኝ፤ መጥፎ ልጅ አይደለም። ግን አልቀበልም አላለም።

እስከ ትናንት ከሱ እኩል ነበርኩ። ኧረ አልነበርኩም፤ የሱ መስመር "ከባድ" ነው። እኩል ነን እያልኩ ራሴን ስሸነግል ነው የኖርኩት።


ዓርብ፣ ኅዳር 24

አስፈቅጄ ቀረሁ። ቀበሌ ሄድኩ። የቢሮው ልብ ሥራው ላይ የለም፤ ጸሐፊው በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። እኛ ሰፈር፣ ፉሪ፣ አሁን ሌላ ወሬ የለም። ቀያሾች መጡ፣ አልመጡም። በማስተር ፕላኑ የማን ማሳ ወደ አዲስ አበባ ይካለላል። ተሰልፈን የቆምን ሰዎች ሁላችንም ስለ መሬት ነው የምናወራው፤ ለአበል የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። ተሸማቀቅኩ።

ጸሐፊው ፋይል እንኳ አላወጣም፤ ቤታችንን ያውቀዋል። የናንተ ቤት ኃላፊ ለሜሳ ነው፣ አለኝ።

ለሜሳ!

አባባ ካረፈ ጀምሮ እኮ ኃላፊዋ እማዬ ናት። ማን ቀየረው ብዬ ጮኽኩ። እናትሽ ራሳቸው ናቸው፣ በክረምት መጥተው፣ አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እንዴት እቤት እንደደረስኩ አላውቅም።


እሑድ፣ ኅዳር 26። ከሰዓት

ሁለት ቀን ከእማዬ ጋር አልተነጋገርኩም። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ራሷ ጀመረችው። "ቀያሽ ሲመጣ የሴት ቤት ነው ብለው እንዳይንቁን ብዬ ነው። ወንድ ፊት ይቁምልን ብዬ ነው፣ ልጄ።" መሬታችንን ለማትረፍ መሆኑ ነው። የቀያሹን ሜትር የለሜሳ ስም የሚያስመልሰው መስሏት። እኔን አላማከረችኝም። ጥርሴን ነክሼ ሠርቼ በማቆመው ቤት ውስጥ፣ ኃላፊ ሲሾም አልተጠራሁም።

አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። ለሜሳ የአባባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ያቺ ረጅሟ፣ ቆዳ የለበሰችው። አባባ ከሞተ በኋላ ማንም አይቀመጥባትም ነበር፤ መቼ እንደጀመረ እንኳ አላስተዋልኩም። ጫማውን የገዛሁለት እኔ ነኝ። ይህን መጻፌ ትንሽነት ነው? ይሁን፤ ትንሽ ልሁን።

ስሙን እናስተካክለው አልኩት። አሁን ጊዜው አይደለም፣ አለኝ። ልጆች እየተገደሉ፣ ላፋ ኬኛ፣ መሬታችን እያልን፣ አንቺ ስለ አበል ታወሪያለሽ? የተናገረው እውነት ነው፤ በየቀኑ ለቅሶ እንሰማለን። ይበልጥ ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው። መሬቱ የኔም መሬት ነው። እኔም ስለሱ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ታዲያ ለመሬቱ ጊዜ ሲኖር ለኔ ጊዜ የሚጠፋው ለምንድን ነው?


ማክሰኞ፣ ኅዳር 28። ከምሽቱ 1 ተኩል

ሃ. ሻይ ታፈላለች። ዛሬ ነው ልብ ያልኩት። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ፤ ሃ. ሥልጠናውን አቋርጣ ሻይ አፍልታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ አቀረበች። ኬንታ ተቀምጦ ጠጣ። ከዚያ ኩባያዎቹን ራሷ አጠበች። ሻይ የሚያቀርቡ እትዬ አሉን እኮ!

ተከትያት ገባሁ፣ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሳቀች። ስትስቅ ሁልጊዜ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ እጇ ግን አረፋ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከገባችበት ቀን ጀምሮ የእንግዳ ሻይ የሷ ነው። ከሷ ጋር የተቀጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ ሁሉም ገና ሲገቡ በረዳትነት ተመደቡ። ወንዶቹ ወደ ዋናው ሥራ፣ ሴቶቹ ወደ ረዳቱ። ከዚያ ሲያገቡ፣ ሲወልዱ፣ ይወጣሉ ተብሎ ይጠበቃል፤ ወጡ። አንዳንዶቹ ልጅ አሳድገው ሲመለሱ በጊዜያዊነት ነው፤ ያው ወንበር፣ ያው ሥራ፣ ያነሰ ደመወዝ። እሷ ብቻ አላገባችም፣ አልወጣችም። ኬንታ የመጣው ከሷ በኋላ ነው፤ መቀስ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። አሁን አለቃዋ ነው።

ደመወዝሽ ከሱ ያንሳል ወይ አልኳት። ደመወዝ መጠየቅ በነሱ ነውር ነው። በኛ ዘንድ እቁብ አለ፣ ማን ምን እንደሚያገኝ አገር ያውቃል፤ ነውሩ አልታየኝም። የታጠበውን ኩባያ መልሳ አጠበች። ገባኝ።

እናቷን የምትጦረው እሷ ናት። ይሄ አበል እዚያም አለ፤ እንዲያውም ከዚያ ነው የመጣብን። አንድ ጊዜ ጠይቃ ነበር። ወንድም የለሽም ወይ አሏት።

ወንድም የለሽም ወይ! ደብተሬ፣ እኔ ጃፓንን ሳስብ እንዲህ ያለው ነገር አንድ ዘመን ያለፈ ይመስለኝ ነበር። ባቡሩ በደቂቃ የሚመጣበት አገር። ለኛ ገና አልደረሰልንም፣ አንድ ቀን እንደነሱ እንሆናለን እያልኩ እጽናና ነበር። እነሱ ራሳቸው አልደረሱም! ቆሽቴ አረረ። ለምን ዝም አልሽ አልኳት። እሷም ያንኑ አለችኝ፤ ጊዜው አልነበረም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5። ማታ

መንገዱ ተዘጋ። ድንጋይ፣ የተቃጠለ ጎማ። ሰርቪስ የለም፣ ሚኒባስ የለም፣ ባጃጅ የለም። በእግሬ ሄድኩ፣ በማሳ ማሳ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር። ሁለት ቦታ መታወቂያ ተጠየቅን። ወደ ሰበታ መግቢያ ላይ የጥይት ድምፅ ሰማን፤ ቦይ ውስጥ ተኛን። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ ያ ዋቃዮ፣ ያ ዋቃዮ እያለች አምላኳን ትጠራለች። ቀሚሴ በጭቃ ተለወሰ። እንደዚያው ሆኜ ፋብሪካ ደረስኩ።

ወንዶቹ አልመጡም። አልፈርድባቸውም፤ መንገድ ላይ የተገኘ ወጣት ይያዛል፣ ይደበደባል። ዳንኤልም ቀረ። እማዬ ለሜሳን ጎህ ሳይቀድ ወደ ጫንጮ ላከችው፣ አጎታችን ዘንድ። ይያዝብኛል ብላ ነፍሷ ወጥታ ነበር፤ የኔም እንደዚያው። ይሂድ፣ ይትረፍልን። ግን ይመዝገብ፦ የቤታችን ኃላፊ ጫንጮ ተደብቋል። እኔ እዚህ ነኝ።

መርከብ የሚጠብቅ ዕቃ አለ ተባለ። ስለዚህ ሴቶቹ ሰፋን፣ ቆረጥን፣ አሸግን። ካርቶኑንም ተሸከምን። ከባዱን ሥራ! አስቴር አንዱን ካርቶን ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ ይሄ ነው እንዴ እያለች አዳራሹን ዞረች። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሃል ሳቅን።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 7

ለኬንታ መኪና መጣለት። ዋናው መ/ቤት አዲስ አበባ ሆቴል ግባ ብሎታል። ለሃ. ምንም አልተባለም። ረዳት ናት፤ ዕቃውን አስጨርሳ ትከተላለች ተብሏል። ከኛ ጋር ቀረች። ማሽን ላይ ተቀምጣ አውራ ጣት ሰፋች። ቤቴ መመለስ ስላልቻልኩ ሌሊቱን ከአስቴር ጋር አደርኩ፤ ሃ. የፋብሪካው ማረፊያ ውስጥ ናት። ጠዋት አካም ቡልታን፣ እንዴት አደራችሁ፣ አለችን፣ ሻይ ከሚያቀርቡት እትዬ ተምራ። አነጋገሯ ያስቃል።

ዕቃው ተጫነ። በአጃቢ ወጣ። ከካርቶኑ አንዱም አልጎደለም።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12። ከምሽቱ 12 ሰዓት

ፎጣ።

ዋናው መ/ቤት አመስግኖናል። ሁላችንም ተሰልፈን ነጭ ፎጣ ተሰጠን፣ የፋብሪካው ስም በሰማያዊ የተጻፈበት። ሃ. በአገሬ ለምስጋና የሚሰጥ ነው አለችኝ፤ ለሷም ደርሷታል፣ ያው ፎጣ። በዚያው ቀን አበሉ ተከፈለ። ለዳንኤል፣ ለወንዶቹ ሁሉ፣ የቀሩበትም ቀን ሳይቀነስ። ስለቀሩ አይቀነስ፤ እሱ ትክክል ነው። የኛ ግን የት ሄደ? አስቴር ፎጣውን ለባሏ ወገብ አሰረችለት። ትኩስ ውኃ ነክራ።

ኦ.ግ. ዘንድ ተመለስኩ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተሸከመ አይተሃል አልኩት። (አንተ አልኩት! እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የምለው።) አገር ሲረጋጋ እናየዋለን፤ አሁን ጊዜው አይደለም፣ አለኝ።

ሦስተኛው ሰው ነው። ወንድሜ፣ ሃ.፣ እሱ። ተማክረው ነው እንዴ?


ሐሙስ፣ ጥር 5። ማታ

ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ! ሬዲዮው ተናገረ። እማዬ መሬት ሳመች። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ይነጋገራል፤ የሚያምንም የማያምንም አለ፣ ልጃቸው የተያዘባቸው ግን በራቸውን አልከፈቱም። ለሜሳ ከጫንጮ መጣ፤ ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። አቀፍኩት። እውነት ደስ አለኝ። ሲቀመጥ ግን የት ተቀመጠ? በርጩማዋ ላይ።

ራት ሳንበላ አልኩ፦ እንግዲህ ቀያሹ ቀርቷል፣ ስሙን እንመልሰው። እማዬ ወጡን ማማሰል ቀጠለች። ለሜሳ፣ ይሄ እኮ መንግሥት ነው፣ ነገ ይዞት ይመለሳል፤ እስኪ ትንሽ እንጠብቅ፣ አለ። ደህና። የጠበቅነው ነገር መጣ፤ እኔ አሁንም መጠበቅ አለብኝ። ሳልበላ ተኛሁ። ማን ይጎዳል? ራሴ።


እሑድ፣ ጥር 15

ነገ ከጃፓን ትልቅ ሰው ይመጣል። ሽማግሌ፣ ከዋናው መ/ቤት። ሃ. ሳምንቱን ሙሉ ወለል ታስጠርጋለች።

አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። ቀዩ ገመድ። በየመስመሩ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ሃ. ገና ስትመጣ ያስተማረችን የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው፦ ችግር ያየ ማንም ሰው ይሳበው። ጀማሪም ቢሆን። መስመሩ ይቆማል፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ አለቃው ይመጣል። አለቃው አይቆጣም። ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ለመልሱም ለምን ይላል፤ አምስት ጊዜ፣ ሥሩ እስኪገኝ። ሥሩ ሳይገኝ መስመሩ አይነሣም። ይህን ስትል ዓይኗ ያበራ ነበር። በጣም ነው የምታምንበት። እኛ መጀመሪያ እንፈራው ነበር፤ ሥራ ማቆም በኛ አገር የሚያስባርር እንጂ የሚያስመሰግን መች ሆነና። ኋላ ለመድነው። ክር ሲበጠስ፣ ቆዳ ሲሳሳ እንስበዋለን።

ታዲያ እኔ ያየሁት ችግር አይደለም?

ፈራሁ። በዚህ ሰሞን ሥራ ያስቆመ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። የእማዬ እንጀራ በኔ ነው። ምን ቆርጦኝ።


ሰኞ፣ ጥር 16። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሳብኩት።

በቅደም ተከተል ልሞክር። ሽማግሌው ገባ። ነጭ ፀጉር፣ ዝምተኛ። ኬንታ ያስጎበኛል። ሃ. ከኋላ፤ የሻይ ትሪ በእጇ። በፋብሪካው መሃል፣ እሷ በተከለችው መስመር፣ ሻይ ይዛ ከኋላ! ያንን ሳይ ነው እጄ የሄደው። አስቤ አይደለም።

መብራቱ በራ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ማሽኑ ሁሉ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ደስ አለው፤ ሥርዓቱ ሲሠራ ሊያይ ነው። ኬንታ ሮጦ መጣ፣ ፈገግ ብሎ። ችግሩ የቱ ጋ ነው? ጓንቱ ላይ ነው? ጓንቱ ደህና ነው አልኩ። የምትሰፋው ሴት ላይ ነው። ለምን? ቤቷን እያስተዳደረች ኃላፊ አይደለሽም ተብላለች። ለምን? ሴት ስለሆነች። ለምን? መመሪያው ስለሚል። ለምን... እዚህ ላይ ፈገግታው ጠፋ፤ ሃ. እንግሊዝኛዬን እየተቀበለች በጃፓንኛ ታደርሳለች፣ ድምፅዋ እየቀጠነ። አራተኛውን እሱ ሳይጨርስ አቆመ። እኔ ግን መልሱን ሰጠሁ። መመሪያውን የጻፉት ሻይ የሚቀርብላቸው ስለሆኑ ነው አልኩ።

ሃ. ይህን አልተረጎመችውም። በቃ፣ ጣለችኝ አልኩ። አስቴር ከወንበሯ ተነሣች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ። ሃ. ትሪውን ማሽኔ ላይ አስቀመጠች፣ አውራ ጣቶቹ ክምር አጠገብ። ቀና ብላ ለሽማግሌው መናገር ጀመረች።

የኔ ቃል አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች። የሷ አላልቅ አለ። ጃፓንኛ አልችልም፤ ግን "ኬንታ" ሲባል ሰማሁ፣ "እናት" የሚለውን ቃላቸውን አውቀዋለሁ፣ እሱንም ሰማሁ። አልጮኸችም። እጇ ግን አፏን አልሸፈነም። ኬንታ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሽማግሌው አንዲት ነገር ጠየቃት። እሷም በአጭሩ መለሰችለት። ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ሻዩን አልጠጣውም።

ኋላ ምን ብሎ ጠየቀሽ አልኳት። የማን ቃል ነው አለኝ፤ የሁለታችን፣ አልኩት አለች።

መስመሩ ያለ አምስተኛው "ለምን" ተነሣ። በሥርዓቱ አይፈቀድም። ግን አስነሡት።


ማክሰኞ፣ ጥር 17። ማታ

ኦ.ግ. ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ከዚህ በፊት ሰጥቶኝ አያውቅም። ደስ ይበልሽ፣ ላንቺ ተፈቅዷል፣ በልዩ ሁኔታ። ማስረጃም አያስፈልግም። ለአስቴርስ? ለሌሎቹ ቀስ ብሎ ይታያል። ብቻ ትላንት የሆነው ነገር እንዳይደገም። በዚህ ጊዜ ሥራ ማስቆም ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል፣ ወንድምሽም ገና ከጫንጮ መምጣቱ ነው አሉ፣ አለኝ። ደግሞ ጥፍሩን እያየ።

የለሜሳን ነገር ማን ነገረው? እስከ ነገ ላስብበት አልኩ።

ለሃ. የአውሮፕላን ቲኬት መጥቶላታል። ዕረፍት ይሉታል። ሐሙስ ትሄዳለች። በሻይ ክፍሉ በር ላይ ቆመን ተያየን። አገሬ ስደርስ አምስተኛውን "ለምን" እኔ እጠይቃለሁ፣ አለችኝ። ከዚያ አጎነበሰችልኝ፣ ለእንግዶቹ እንደምታደርገው ዝቅ ብላ። እኔ ሳምኳት፤ እንደኛ፣ ደጋግሜ። ደነገጠች፣ ግን አልሸሸችም።

ብርድ ልብሱ። የእማዬ የሚያስለው ደረት። ለኔ ብቻ ተፈቅዷል። እሺ ብል ማን ይፈርድብኛል? አስቴር እንኳ ተቀበይ አለችኝ። እያለቀሰች።


ረቡዕ፣ ጥር 18። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጠዋት ገባሁ፤ ገመዱ የለም። አለ፣ ግን ወደ ላይ ተጠቅልሎ ከጣሪያው ብረት ጋር ታስሯል። ለደኅንነት ነው ተባለ። በወንዶቹ መስመር እንደነበረ ነው፤ የታሰረው የአውራ ጣቱ ብቻ ነው። ዳንኤል እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። እኔ በጣቴ ቆሜም አልደርስም። አስቴር ዘላ ሞከረችው፤ አልሆነም። ከሴቶቹ የሚደርስበት ጠፋ። ሃ. ከታች ቆማ ቀና ብላ አየችው፣ ረጅም ጊዜ።

የተናደድኩትን ንዴት በምን ልጻፈው። እንቢ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ሳቡ፣ አትፍሩ ብለው አስተምረው፣ በሳብን ማግስት ሰቀሉት!

ኦ.ግ. ቢሮ ገባሁ። ወንበሩን አልተቀመጥኩበትም። ለብቻዬ አልወስድም አልኩት። ትጸጸቻለሽ አለኝ። ሊሆን ይችላል። ሲመሽ ሊያስጠሩኝ፣ ሊያባርሩኝ፣ ከዚያም ሌላ ሊያደርጉኝ ይችላሉ። ሁሉንም አስቤዋለሁ። ፈርቻለሁም።

እቤት ገብቼ ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። አበሉን እንቢ ማለቴን፣ በለሜሳ ስም መዛቱን፣ ገመዱ መሰቀሉን። ስለ አበሉ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ለሜሳ ጣልቃ ገባ፤ ጊዜው እኮ፣ ሲል ጀመረ። እማዬ አላስጨረሰችውም። ገመዱ ምን ያህል ከፍ ይላል ብላ ጠየቀችኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ከዚያ ወደ ለሜሳ ዞራ፣ ተነሥ አለችው።

አልገባውም። ተነሥ፣ አለችው ደግማ። ተነሣ። የአባባን በርጩማ ከሥሩ ወሰደች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት፣ በሩ አጠገብ፣ ከቦርሳዬ ጎን አስቀመጠቻት። ነገ ስሙን ልታስመልስ ቀበሌ ትሄዳለች፤ ቀድማኝ ትወጣለች። በርጩማዋን ቆሜባት ሞከርኳት፤ አትነቃነቅም። ነገ ይዣት እገባለሁ። ዘበኛው ምንድን ነው ቢለኝ መቀመጫ ነው እላለሁ። ሰርቪሱ አላሳፍርም ካለኝ በእግሬ፣ በማሳ ማሳ፣ ተሸክሜያት እሄዳለሁ።